ፊዚዮቴራፒስቱም መድኃኒት ይዘዝ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ፊዚዮቴራፒስቶችና (በአካል እንቅስቃሴና በመሰል ዘዴዎች የሚያክሙ ባለሙያዎች) መሰል የጤና ባለሙያዎች መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ይሰጣቸው ይላል። የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ወገቡን አሞት ጣና ሐይቅ ላይ ካለችው ከደቅ ደሴት ሰዓታት በጀልባ ተጉዞ የመጣ ሰው አስቡ። ፊዚዮቴራፒስቱ በደንብ አይቶታል፤ የሚያስፈልገውንም ያውቃል። ግን ለአንዲት የማስታገሻ ማዘዣ ሰውየው እንደገና ሐኪም በር ላይ ይሰለፋል። ጀልባው ደግሞ አይጠብቀውም።

ደግሞስ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? እዚሁ ጎረቤታችን ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን አሠልጥኗል። ሐኪም በሌለበት መርምረው የሚያዙት እነሱ ናቸው። እንግሊዝም በ2013 ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ በ2018 ለፓራሜዲኮች (ለአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች) መድኃኒት ማዘዝን ፈቅዳለች። ግን ተጨማሪ ሥልጠና ለወሰዱ ብቻ፣ ያውም በሙያቸው ክልል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ሥልጠና ነው። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል። ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ አዛውንቶች አደገኛ ነው። የሚያዘው ባለሙያ ይህን ጠይቆ ማወቅ አለበት። አንቲባዮቲክ ለጊዜው ይቆይ፤ እሱ አሁንም በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ እየተሸጠ አስቸግሮናል። በአጭር የመድኃኒት ዝርዝር ይጀመር፤ ማዘዣው ላይም የባለሙያው ስምና የፈቃድ ቁጥር ይስፈር።