የኛ "ነበር" እና የስፓኒሽ "ኢያ"

ዲሲ አካባቢ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ የሠራ ሐበሻ ያውቀዋል፣ እንግሊዝኛህን የፈለከውን ያህል ብታሻሽል ከምድጃው ጀርባ የሚወራው ስፓኒሽ ነው። እኔም ከኤል ሳልቫዶር ከመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው ቀስ በቀስ የለቀምኩት። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍን አገርህ ምን ትሠራ ነበር አለኝ፣ ባንክ እሠራ ነበር ለማለት "ትራባኻሪያ ኤን ኡን ባንኮ" አልኩት። ቢላዋውን አስቀመጠና "ሲ ኬ?" አለኝ፣ ምን ቢሆን? ማለቱ ነው። ለካ የጀመርኩትን እስክጨርስለት እየጠበቀ ነው፣ ምክንያቱም "ትራባኻሪያ" እንዲህ ቢሆን እሠራ ነበር ማለት ነው፣ ድሮ እሠራ ነበር ለማለት ግን "ትራባኻባ" ነው የሚባለው።

እኛ እኮ ለሁለቱም አንድ "እሠራ ነበር" ነው ያለን። ድሮ ባንክ እሠራ ነበር፣ ፈቃድ ባገኝ ባንክ እሠራ ነበር፣ ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ እሠራ ነበር፣ ሶስቱንም ያቺው ነበር ትሸከማቸዋለች። እነሱ ጋር ሶስቱም ለየብቻ ናቸው።

አሠራሩ ራሱ ከባድ አይደለም። በሌላ ጊዜ መጨረሻቸው አር፣ ኤር፣ ኢር እየተባለ ሶስት ቦታ የሚያስቸግሩን ግሶች እዚህ ጋ አንድ ይሆናሉ፣ ከጥቂት አፈንጋጭ ግሶች በቀር ግሱን ሳትቆርጥ እንዳለ ትወስድና መጨረሻው ላይ "ኢያ" ትቀጥላለህ በቃ። አብላር (መናገር) አብላሪያ፣ ኮሜር (መብላት) ኮሜሪያ፣ ቢቢር (መኖር) ቢቢሪያ። ለአንተ ኢያስ፣ ለእኛ ኢያሞስ፣ ለእነሱ ኢያን፣ ለእኔና ለእሱ ግን ያው ኢያ ስለሆነ አንዳንዴ "ዮ" ብለህ እኔ መሆንህን መግለጽ አለብህ። መጠንቀቅ ያለብን ኮሚያ እና ኮሜሪያ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ድሮ እበላ ነበር፣ ሁለተኛው ባገኝ እበላ ነበር፣ ልዩነታቸው መሀል ላይ ያለችው "ኤር" ብቻ ናት፣ የኛ ጆሮ ደግሞ በቀላሉ ያልፋታል።

በጣም የገረመኝ ግን ይሄ "ኢያ" ከየት እንደመጣ ሳውቅ ነው። ጥንት ከላቲን ሲወርድ መነሻ ግሱ ላይ "ነበረኝ" የሚለውን ግስ ነው የለጠፉበት፣ እየቆየ ተሸርሽሮ ኢያ ብቻ ቀረ። እኛስ "መሥራት ነበረብኝ" ስንል ምን እያደረግን ነው? ሐሳቡ እኮ ያው ነው። ሌላም አለ፣ "ቢኖረኝ" በሚለው በኩል ኢያ አይገባም፣ "ሲ ቱቢየራ ዲኔሮ፣ ኮምፕራሪያ ኡና ካሳ" ነው የሚባለው፣ ብር ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር። እኛም ነበርን ብ- ያለበት ጋ አናስገባትም፣ ስለዚህ ይሄን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን።

ከዛ ቀን ጀምሮ የሰውን ወሬ ስሰማ ጆሮዬ እሱ ላይ ነው። አገር ቤት ስደውል ወንድሜ "እኔ እዛ ብሆን በሁለት አመት ቤት እሠራ ነበር" ይለኛል። እዚህ ደግሞ ከሥራ በኋላ ቡና ላይ የምንቀመጠው ሰዎች "አገሬ ብሆን በዚህ ሰአት በልቼ እተኛ ነበር" እንላለን። ባልደረባዬም እንደዛው ነው፣ አገሩ ቢሆን እናቱ የጋገረችውን ፑፑሳ (ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ) ይበላ ነበር፣ ኮሜሪያ፣ ኮሜሪያ ይላል። ሁላችንም በማይጨበጥ ኢያ ውስጥ ነው የምንኖረው፣ እሱም እኔም በየወሩ ብር እንልካለን።

ባለፈው እናቴ በስልክ "ለበዓል ብትመጣልኝ ዶሮ እሠራልህ ነበር" አለችኝ። ባልደረባዬ ምን አለች ብሎ ሲጠይቀኝ ልተረጉምለት ስል ቆምኩ። ገና የሚሆን ከሆነ "ቴ ኮሲናሪያ" ነው፣ ያለፈበት ከሆነ "ቴ አብሪያ ኮሲናዶ" ነው፣ የእማዬ ነበር ግን የቱ እንደሆነ አይናገርም፣ መልሼ ደውዬ ልጠይቃት ደግሞ አልደፈርኩም። "ቴ ኮሲናሪያ" አልኩት።