የቀኙ ዓምድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጤፍ የሚነግድ አንድ የማውቀው ሰው የዱቤ ደብተሩን ከሚዛኑ ሥር ያስቀምጣል። ገጹ ለሁለት ተሰምሯል፦ በግራ የተበዳሪው ስምና ብሩ፣ በቀኝ የተበደረበት ጉዳይ። ለበሬ፣ ለማዳበሪያ፣ ለተዝካር። ለተዝካር የወሰደ ሰው ዳግም ሲመጣ ፊቱን ያጠቁርበታል፤ ለበሬ የወሰደውን ግን ቡና ጋብዞ ይጨምርለታል።

ስለ አገር ዕዳ ስንከራከር የሚጠፋብን ያ የቀኙ ዓምድ ነው።

መንግሥት ታኅሣሥ 2016 ላይ የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮ ቦንድ (ከውጭ ገበያ በዶላር የተበደረበትን ሰነድ) ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፍል ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የዓለም ገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርም ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ወገን “ድጎማ ይነሳ፣ ግብር ይሰብሰብ” ይላል፤ ሌላው “ኑሮው ሳይረግብ ሕዝቡን አትንኩት” ይላል።

እኔ የበጀት ጉድለቱ ይጥበብ ከሚሉት ነኝ። ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደሩ በጀት መሙላት ዋጋን ወዴት እንደሚወስድ ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ጃዊ ላይ ያለውን የጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ያየ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይክፈል? ሥራው በጦር መኮንኖች ይመራ ለነበረው የመንግሥት ድርጅት ለሜቴክ ተሰጠ፣ ዓመታት ተጓተተ፣ ተነጥቆ ለሌላ ተላለፈ። የመንግሥት ድርጅቶች ንግድ ባንክ ላይ የከመሩት ዕዳ ደግሞ በ2017 ወደ 900 ቢሊዮን ብር በሚጠጋ ቦንድ ወደ መንግሥት ዞረ፤ ማለትም ወደ እኛ።

ጎጃም ይህን ያውቃል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት አሻፈረኝ አሉ። የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም ነገሩ። ገበሬው ገማቹን አላመነውም፤ “መሬቱን ሊለካ፣ ርስቴን ሊነጥቅ ነው የመጣው” አለ። ጦር ተልኮ አልበረደም። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፤ ንጉሡም ውዝፉን ግብር ማሩ። ያኔም ቢሆን ገማች ከመላክ በፊት አስረድቶ ማሳመን ባነሰ ዋጋ ያልቅ ነበር።

ገንዘብ ሚኒስቴር የዕዳ መግለጫ በየጊዜው ያወጣል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አበዳሪዎቹ በዓይነት በዓይነታቸው ተደርድረዋል። በብድሩ የተጀመረው ሥራ አለቀ ወይስ ቆመ የሚለውን ግን ገበሬው ከየት ያንብብ? ቀጣዩ ግብር ከመታወጁ በፊት የበለስ ሒሳብ በአማርኛ ተጽፎ ጃዊ ወረዳ አስተዳደር በር ላይ ይለጠፍ። ለጊዜው አንድ ገጽም ይበቃኛል።