«ቆንጆ ይሁን» ካሉ ይበቃል

የኩሽና ካቢኔት ለማሠራት ሁለት ቃል ይበቃል። ደንበኛው «ቆንጆ ይሁን» ይላል። ባለሙያው «አታስብ» ይላል። ቀብድ ይከፈላል፤ አለቀ። እንዲህ ያለ መግባባት የት ይገኛል?

አካባጅ መቼም አይጠፋም። ካቢኔቱ የሚሠራበት የተጨመቀ እንጨት (ኤምዲኤፉ) 16 ሚሊ ነው 18፣ ማጠፊያው ምን ዓይነት ነው፣ ማጓጓዣው በማን ነው እያለ ሰው ያስጨንቃል። በደፈናው «አላምንህም» ማለቱ እኮ ነው! ጨዋ ሰው ባለሙያ ፊት ወረቀት አያወጣም። በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፤ «ይቺን የመሰለ»። ፎቶው ላይ ያለው ኩሽና ስድስት ሜትር ይሆናል፤ የኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ሁለት ከምናምን። ቢሆንስ? ባለሙያው በዓይኑ ይለካዋል። ሜትር ለተጠራጣሪ ነው።

ሕጉም ያካብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1714፣ የተዋዋዮቹ ግዴታ በበቂ ሁኔታ ካልታወቀ ውሉ ዋጋ የለውም ይላል። ከ«ቆንጆ» በላይ ምን እንዲታወቅ ነው የተፈለገው?

ዝርዝር የናፈቀው የጨረታ ሰነድ ያንብብ። ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ የድሮው ሕንፃ ስም ሳይቀር አብሮ የመጣበት ሞልቷል። ደግነቱ ገጹ ብዙ ስለሆነ የሚያነበው የለም።

ያለመጻፍ በረከቱ ለሁለቱም ወገን ነው። ደንበኛው ትዝ ባለው ቁጥር «እግረ መንገድህን እዚህች ጋ አንድ መሳቢያ» ይላል። በነፃ መሆኑ ነው። ባለሙያውም በተራው «ዋጋው የመሳቢያውን ሐዲድ አይጨምርም» ይላል። ይጨምራል ብሎ የጻፈ አለ?

ሥራው ያልቃል። ሶኬቱ ከካቢኔቱ ጀርባ ቀርቷል፤ ስለዚህ አዲሱ ካቢኔት በመጋዝ ይበሳል። ለፍሪጁ የተተወው ቦታ 60 ሳንቲም፤ ፍሪጁ 70። ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ሽማግሌ ይጠራል።

«ምን ተባብላችሁ ነበር?»

«ቆንጆ እንዲሆን።» ሁለቱም አልዋሹም።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ያያሉ። በእርግጥም ቆንጆ ነው። ቀሪውን ሒሳብ እኩል ያካፍሉና መርቀው ይሄዳሉ። ፍሪጁ ሳሎን ይገባል። ከእንግዲህ ከሶፋ ሳይነሱ ቀዝቃዛ ውሃ ማውጣት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛው አካባጅ በዝርዝሩ ያስገባው ነበር?