ማስተካከያ፦ የጅማው የእሳት እራት ፎቶ

ጅማ ውስጥ መብራት ሥር ለተነሳው ቡናማ የእሳት እራት ፎቶ «መጤ ተምች» (ትሉ በቆሎ የሚያጠቃ ተባይ) የሚል መግለጫ ተሰጥቶ ነበር። «ከኖክቱይዴ ቤተሰብ፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ ይነበብ፤ ኖክቱይዴ መጤ ተምችም የሚገኝበት ሰፊ የእሳት እራት ቤተሰብ ነው።

በ2009 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው የመጤ ተምች ወንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው። ሴቷ ግን ደብዛዛ ስለሆነች ከዘመዶቿ ጋር ትምታታለች። በፎቶው ላይ ያለችው ደግሞ የክንፏ ዱቄት ረግፏል፤ እንዲህ ያለችውን በእርግጠኝነት ለመለየት የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ ማየት ይጠይቃል። ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ እዚህ ላይ አያዋጣም።

መጤ ተምችን ለመለየት ትሉ ይሻላል፦ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ቅርጽ፣ ወደ ጅራቱ መዳረሻ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ 4 ጥቁር ነጥቦች አሉት። በዚህ ፎቶ ብቻ በቆሎ ላይ መድኃኒት ለመርጨት ያሰባችሁ መጀመሪያ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ትሉን ፈልጉ።