«ስንት ማይክሮ ላድርግበት?» አትበሉ

ወገን፣ ቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) በተቃጠለ ቁጥር ስለሚገባበት ካፓሲተር (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያግድለት ዕቃ) የሚሰጠው ምክር ለምን አንድ ዓይነት ይሆናል? «2.2 አድርግበት።» «ኧረ 4.7 ይሻላል።» የቱዊተሩ ኦም (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ) ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም! 4.7 ማይክሮፋራድ 8 ኦም ቱዊተር ላይ 4,200 ሄርዝ አካባቢ ነው የሚቆርጠው (ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ እያሳነሰ ይሄዳል)፤ 4 ኦም ላይ ስታደርጉት ወደ 8,500 ይደርሳል። ሌላ ስፒከር ሆነ ማለት ነው። ሒሳቡ እንደሆነ ከባድ አይደለም፦ ኦሙን በምትፈልጉት ፍሪኩዌንሲ አባዙ፣ 159,000ን ለውጤቱ አካፍሉ፣ ማይክሮፋራዱ ይወጣል።

ምርጫው ደግሞ ይብሳል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚል ከታየ አለቀ፣ ተገዛ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ላይኛውማ ቱዊተር የተሠራበት ሥራ ነው። የሚገድለው ታችኛው ነው። ድምፁ ሳይቀንስ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ባለ (ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በወረደ) ቁጥር ዶሙ፣ ማለትም የቱዊተሩ ተንቀሳቃሽ ገጽ፣ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ሬዞናንሱ (በራሱ በኃይል የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) ነው። ሬዞናንሱ 1,500 ሄርዝ የሆነን ቱዊተር በየኦክታቩ 12 ዴሲቤል በሚቀንስ ክሮስኦቨር (ድምፁን ለቱዊተርና ለዉፈር የሚያከፋፍለው ሰርኪት) ከ3,000 በታች አታውርዱት። በነጠላ ካፓሲተር ከሆነማ 5,000ም አይበዛበትም። ሬዞናንሱ ጋ ሲደርስ «8 ኦም» የተባለው 8 ኦም አይደለማ! ኦሙ ሽቅብ ይወጣል፣ ካፓሲተሩም ማገዱን ይተዋል። ጠባቂ በሚያስፈልግበት ሰዓት ጠባቂው ተኛ። («100 ዋት» የሚለውን ጽሑፍስ? እሱ ክሮስኦቨር ተገጥሞለት ነው፣ ለብቻው አይደለም።)

«እንግዲያው ከፍ አድርጌ ልቁረጠው» የሚል ደግሞ ዉፈሩን (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) ይረሳል። የ8 ኢንች ዉፈር የሚሠራው ገጹ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የ2,000 ሄርዝ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር። ከዚያ በላይ ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይጠባል፣ ጎን የተቀመጠ ሰው በደንብ አይሰማውም። ዉፈሩ ከ2,000 አልወጣም፣ ቱዊተሩ ከ4,000 አልወርድም ካሉ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚያስታርቃቸው ክሮስኦቨር የለም። ወይ ዉፈሩን ወደ 5 ኢንች አሳንሱ፣ ወይ ሬዞናንሱ ዝቅ ያለ ቱዊተር ፈልጉ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ረዚስተሩ ነው። በእኩል ኃይል ቱዊተሩ 93፣ ዉፈሩ 87 ዴሲቤል ይሆንና ጆሮ ይበሳል። መፍትሔ ተብሎ 4 ኦም ረዚስተር በተከታታይ ይገባል። የሚቀንሰው 3.5 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ካፓሲተሩ አሁን የሚያየው 12 ኦም ስለሆነ 4,200 የነበረው መቁረጫ ወደ 2,800 ይወርዳል። ቱዊተሩን ለማሳረፍ ብለው ወደ ገደሉ ገፉት! ከዚያው 4 ኦም በተጨማሪ 8 ኦም ረዚስተር ቱዊተሩ ላይ በትይዩ አስገቡ። ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ካፓሲተሩም ያንኑ 8 ኦም ያያል። አንድ ረዚስተር ለመቆጠብ ይሄ ሁሉ ጣጣ።

ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነስ) ያለው ካፓሲተር የምትጠቀሙትንስ ምን ልበላችሁ፤ ባይፖላር ወይም ፊልም ይሁን።

12 ዴሲቤል ለምትሠሩ፦ 8 ኦም፣ 3,000 ሄርዝ ላይ 3.3 ማይክሮፋራድ በተከታታይ፣ 0.85 ሚሊሄንሪ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) በትይዩ፤ ለዉፈሩ ቦታቸውን አለዋውጡ። ሁለቱን ኮይሎች አራርቁ፣ አንዱን አጋድሙት። የቱዊተሩን ሽቦ ገልብጡ (ፕላሱን በማይነሱ ቦታ) ሲባል «ተሳስተሃል» የሚል አይጠፋም። ይሞከራ! ማይክሮፎን 1 ሜትር ላይ አድርጋችሁ በሁለቱም መንገድ ለኩ። በአንዱ 3,000 አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ መታየት አለበት፤ የምትይዙት ሌላኛውን ነው። በሁለቱም ለውጥ ከሌለ ግን ፌዙ (የሁለቱ ስፒከሮች ሞገድ አካሄድ) አልተገናኘም፣ ችግሩ ሽቦው አይደለም።

«ዳታሺት (የአምራቹ መረጃ ወረቀት) የለውም» ደግሞ ሰበብ አይሆንም። 1 ኪሎኦም ረዚስተር በተከታታይ አስገቡ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ የሙከራ ድምፅ ከ500 ሄርዝ ጀምሮ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አውጡ፣ ቱዊተሩ ጫፍ ላይ ቮልቴጁን ተከታተሉ። ከፍ ብሎ ተመልሶ የሚወርድበት ቦታ ሬዞናንሱ ነው። ፌሮፍሉይድ (ማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ) ያለበት ከሆነ ጉብታው ደብዛዛ ነው፣ አትቸኩሉ።