«ውሃ ጠምቷት ነው» እያላችሁ ተክሌን ገደላችሁብኝ

ዛሬ ጠዋት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያሳደግሁትን ሞንስቴራ የሚባል ቅጠለ ሰፊ የቤት ውስጥ ተክል ከነአፈሩ ገልብጬ ስመለከት፣ ነጣ ማለት የነበረበት ሥር ጠቁሮ፣ በጣት ሲነካ ልጣጩ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት እየተንሸራተተ ይወጣ ነበር። ሽታውን አልነግራችሁም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም፣ በቀረው ቀን በጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ በምናወጣበት ቤት፣ አንድ ተክል በውሃ ብዛት ሞተ ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ሐምሌ ላይ ለመስክ ሥራ አሥር ቀን ከከተማ ስወጣ፣ ማስቀመጫው ላይ «እባካችሁ ውሃ አታጠጡት» የሚል ወረቀት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጥፌ ነበር። ስመለስ ወረቀቱ ርሶ ቀለሙ ፈስሷል። እናቴን ብጠይቃት «አንድ ኩባያ ብቻ ነው ያደረግሁላት» አለችኝ። ሠራተኛችንም ያጠጣችው አንድ ኩባያ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ። ለቡና ብቅ የሚሉት ጎረቤታችን እንኳ «ብታሳዝነኝ ትንሽ ጠብ አደረግሁላት» ብለው እንደ ጽድቅ ሥራ ነገሩኝ። አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በየቀኑ፣ አሥር ቀን ሙሉ!

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ወይም ሲጠወልግ ያየ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ውሃ ጠምቷት ነው»። ሥርም እንደ እኛ አየር ይፈልጋል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሌት ተቀን ውሃ ከሞላው ኦክስጅን አጥቶ ይታፈናል፣ ቀጥሎም ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ውሃ መሐል ተቀምጦ ይጠወልጋል። ይህን ያየ አዛኝ ሌላ ኩባያ ይጨምራል። ጣትን አፈሩ ውስጥ ከትቶ እርጥበቱን መመርመር አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ በቤታችን ግን ጣቱን ያስገባ ሰው እስካሁን አላየሁም። እናቴ የሊጥን ቅጥነት በእጇ ነክታ የምታውቅ ሴት ናት፤ አፈር ሲሆን ግን በዓይኗ ትፈርዳለች።

ወንድሜ ደግሞ ይከራከረኛል፤ «የዝናብ ደን ተክል ነው ብለሽ የለ?» አዎ፣ ብያለሁ። ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባሉ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ይበቅላል። እዚያ ግን ሥሩ የሚያርፈው በረገፈ ቅጠልና በብስባሽ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ወዲያው ሰርጎ ያልፋል፣ ግንዱም ዛፍ ተደግፎ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚመቸው ይህ ተክል የሐምሌው ደመናና ብርድ ሲመጣበት እድገቱም የሚጠጣውም ይቀንሳል። በመጋቢት በሳምንት የሚደርቀው አፈር በክረምት ሦስት ሳምንት ቢቆይ አይገርምም። ይህን ስናገር የሚሰማኝ የለም።

ጥፋቱ ሁሉ የቤተሰቤ ነው ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል። መንገድ ዳር ችግኙን የሸጠልኝ ሰው በጥቁር ፕላስቲክ ኮትቻ አፈር ጠቅጥቆ ነበር የሰጠኝ፤ ሲረጥብ የሚያብጠውን፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀውን፣ የቤት መሠረት የሚያናጋውን ያንኑ አፈር። «ጠዋት ጠዋት አጠጪው» ብሎም መከረኝ። አፈሩን አራግፌ፣ ውሃ እንዲያሳልፍልኝ ብስባሽና ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ደባልቄ ብተክለው «የመንገድ ጥርጊያ ሳሎን አስገባች» ተብሎ ተሳቀብኝ። ከዚያ አክስቴ ለበዓል የሚያብረቀርቅ የሴራሚክ ማስቀመጫ ይዛ መጣች፤ ከሥሩ አንድም ቀዳዳ የለውም። ልብሳው ብዬ መሰርሰሪያ ስፈልግ «ይህን የመሰለ ዕቃ?» ብለው ተቆጡኝ። አክስቴን ላለማስቀየም ተክሉን እንዳለ አዛወርኩት። ይህችኛዋ የራሴ ጥፋት ናት፤ አልክድም።

የቡናው ነገርም አለ። በረካው ሲተርፍ፣ ሲኒው ውስጥ ከነስኳሩ የቀረው አተላ ሁሉ «ማዳበሪያ ነው» እየተባለ እዚያው ላይ ይደፋል፤ ያተረፍነው ሻጋታና ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ነው። ከግንዱ የሚወጡትን የአየር ሥሮች «ጭራ አበቀለ» ብላ በመቀስ የቆረጠችውን ሠራተኛችንን ግን ይቅር ብያታለሁ፤ መቀስ ቢያንስ አያሰጥምም።

አሁን ያልበሰበሰ አንድ ቁራጭ ግንድ ተርፎልኛል። አንጓ ስላለው ተስፋ አለው። (ቅጠሉን ብቻ ቀንጥሳችሁ ወስዳችሁ «እምቢ አለኝ» ለምትሉኝ ሁሉ፦ ሥርም ቡቃያም የሚወጣው ከአንጓው ስለሆነ ቅጠል ብቻውን ተክል አይሆንም።) ሥር እስኪሰድ ድረስ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትቼ መስኮቱ ጋ አቆምኩት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችውና ፊቷን አጨፍግጋ ጠየቀችኝ፤

«ልጄ፣ ይቺስ በውሃ ብዛት አትበሰብስም?»