ሸማኔ ነኝ አልኩ እኮ!

ከፍቅረኛዬ አክስት ቤት ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ነገሩን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ልንልክ ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ከዚያ በፊት «አክስቴ ትይህ» ተባልኩ። ጸጉሬን ተስተካክዬ፣ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ይሸታል፣ ጨዋታው ደርቷል። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጥያቄው መጣ።

«ልጄ፣ የት ነው የምትሠራው?»

«ሽሮ ሜዳ ነኝ፣ እትዬ። ሸማኔ ነኝ።»

«አይ፣ ሥራህን ማለቴ ነው።»

«ሥራዬ ነው እትዬ። ሸማኔ ነኝ።»

«አካውንቲንግ ተምሯል ብላኛለች እኮ!»

«አዎ፣ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። አሁን ሸማ ነው የምሠራው።»

ስኒውን ቁጭ አደረጉት። ጠጋ አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቃ ለቤተሰቡ አካውንታንት ነኝ በል። ውሸት አይደለም፣ ተምረሃል። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው ይበሉ። አባቷ ልባቸው ደካማ ነው» አሉኝ።

ልባቸው ደካማ ነው! ሸማኔ የልብ በሽታ ነው እንዴ?

ይህን ሲሉኝ ምን ለብሰው እንደነበር ልንገራችሁ። ነጠላ። የእጅ ሥራ ነጠላ! ከተቀመጥኩበት ሆኜ ጥለቱን አየሁት፤ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ያ ጥለት እኮ መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ስለተወረወረ ብቻ አይመጣም። ከሸማ መሥሪያው ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ እግርህን ከትተህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ድሩን በጣትህ እየቆጠርክ፣ እያነሳህ፣ የቀለሙን ክር በመሐል ታስገባለህ። በአንዲት ክር ከተሳሳትክ አበባው ይጣመማል። ትፈታለህ። እንደገና ትቆጥራለህ። ወገብህ ይቆረጣል፣ ዓይንህ ያለቅሳል። ያንን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሠራውን ሰው ደብቁት የሚሉኝ።

ደግሞ እኮ ክፉ ሴት አይደሉም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። በፍቅር ነው የነገሩኝ። እንጀራ እየቆረሱ እያጎረሱኝ።

ልጅ ሆኜ ሹራቤ ላይ የክር ብጣሽ ያዩ ልጆች «ሸማኔው» እያሉ ከኋላዬ ይጮሁ ነበር። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ ከልብሴ ላይ ክር የምለቅመው ለዚያ ነበር። ባለፈው ደግሞ ባንክ ሄጄ ፎርም ላይ ሥራ የሚለው ቦታ «ሸማኔ» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ አየችኝ፣ ሰረዘችውና «የግል ሥራ» ብላ ጻፈችልኝ። እንዳላፍር አስባልኝ ነው! መልሼ ጻፍኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ።

ጥምቀት ሲደርስ ግን ሁሉም የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ ይለጥፋል። «ባህላችን ኩራታችን» ይላል። ስብሰባ ላይ የሚነሳው ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ድሩን ማን አደራው? አንድ ሰው ጠይቆ ያውቃል? ጥለት ያስወደድኩባቸው መስሏቸው የሚከራከሩኝ ሰዎች ደግሞ ሄደው ማሽን ያተመውን ጨርቅ ይገዛሉ፤ ሁለቴ ሲታጠብ የሐበሻ ልብስ ለቀቀ ብለው ያማሉ። በሉ ተውኝ።

አጼ ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውም፣ ሸማኔውም፣ አራሹም። መቶ ዓመት አለፈው። አሁን ስድቡ ቀርቶ «ለአባቷ ልብ ሲባል» ሆነ።

የምር ደክሞኛል።

ሁለት ዓመት ቢሮ ተቀምጫለሁ እኮ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ማታ ቤት ስገባ ግን ዛሬ ምን ሠራህ ብትሉኝ የማሳያችሁ ነገር አልነበረኝም። አሁን ሲመሽ ክንዴን ዘርግቼ እለካዋለሁ። ይኸው፣ ይህን ያህል። ነገ አንድ ሰው ይሞቀዋል። እኔ የምሆነው እዚያ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ። ሌላ ቦታ ስሆን የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል።

አያቴ ከሸማኔዎቹ አገር ከጨንቻ መጥቶ ነው ሽሮ ሜዳ የሰፈረው። አባዬ ስመረቅ በግ አርዶ «ልጄ ከጉድጓዱ ወጣ» ብሎ አልቅሷል። ስመለስ ሦስት ወር አላናገረኝም። አልፈርድበትም፤ እሱ የሰማውን ስድብ እኔ አልሰማሁም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ምንም ሳይል መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። የተበጠሰብኝን ድር አነሳ። በምራቁ አርጥቦ፣ ጠምዘዝ አድርጎ ቀጠለልኝ። ቋጠሮው አይታይም። ያንን ቀን በዲግሪዬ አልለውጠውም። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ፊት አባዬ ምን ይበል? «ልጄ አካውንታንት ነው» ብሎ በእነዚያ እጆቹ ቡና ይጠጣ?

የእሷ ነው የባሰብኝ። አጠገቤ ነበረች። አሁን ቀና ትላለች፣ አሁን አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ስኒዋን ስታዞር፣ ስታዞር ቆየች። በሩ ላይ ስትሸኘኝ «ለአንድ ቀን ብቻ እኮ ነው፣ ምን አለበት?» አለችኝ።

ለአንድ ቀን! ከዚያስ? ነገ ልጃችን ትምህርት ቤት አባትህ ምን ይሠራል ሲባል ምን ይበል? እሱም ለአንድ ቀን?

አልልም። ሽማግሌም ሄደ ቀረ፣ አልልም። ሸማኔ ነኝ።

ስልኬ እየጠራ ነው። እሷ ናት። አላነሳሁም፤ አሁን ባነሳ ክፉ ነገር እናገራለሁ።

ቤት ስገባ ድሩ ተወጥሮ ይጠብቀኛል። የሠርጓ ቀሚስ ነው። ጥለቱ ሁለት ክንድ ይቀረዋል።